«ሃንድ ኢን» እና «ሃንድ አውት» ለሚምታቱባት ተማሪ፦ የትምህርት ቤት ፍሬዛል ቨርቦች አጠናን

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። እዚሁ ጎንደር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የመጣሁት ከወረዳ ነው። እንግሊዝኛ ማንበብ ብዙም አይከብደኝም። ችግሬ ፍሬዛል ቨርብ ነው፤ ግስ እንደ «ኢን» ወይም «አውት» ካለች ትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ ሌላ ትርጉም የሚሰጥበትን ማለቴ ነው። 12ኛ ክፍል እያለሁ 200 የሚሆኑ ፍሬዛል ቨርቦችን ከነትርጉማቸው ደብተር ላይ ገልብጬ ሸምድጄ ነበር። አሁን ሁሉም ይምታቱብኛል። ባለፈው ሳምንት መምህራችን አሳይመንታችንን ‹ሃንድ ኢን› እንድናደርግ ሲናገሩ፣ እኔ ሃንድአውት ሊያድሉን መስሎኝ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ሌላው ተማሪ ወረቀቱን አስረክቦ ሲወጣ ነው የገባኝ። በጣም አፈርኩ። ቢያንስ ከትምህርት ጋር የተያያዙትን እንዴት ባጠና ይሻለኛል? እርስዎ ለተማሪዎችዎ የሚሰጡት ዝርዝር ካለም ቢልኩልኝ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ዝርዝር አልልክልሽም። ዝርዝርማ አለሽ። ያስቸገረሽም እሱ ነው።

እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች ብዙ ጊዜ የሚደረደሩት በግሱ ነው። «ጌት» ይመጣና ጌት አፕ፣ ጌት ኢን፣ ጌት ኦን፣ ጌት ኦቨር፣ ጌት ስሩ ተከታትለው ይሰለፋሉ። ቀጥሎ «ሉክ»፣ ቀጥሎ «ፑት»። ለሚያዘጋጀው ሰው ይመቻል። ለሚያጠናው ግን መከራ ነው። መልካቸው የሚመሳሰል ቃላት በአንድ ቀን አብረው ሲጠኑ እርስ በርስ ይረባበሻሉ። ቃሉን ታስታውሺዋለሽ፤ የቱ ትርጉም የየትኛው እንደሆነ ግን ይጠፋሻል።

ኸርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ ማስታወስ ያደረገውን ምርምር አሳትሟል። ትርጉም የሌላቸው ድምፆችን ራሱ እየሸመደደ፣ ምን ያህል ቶሎ እንደሚጠፉ ለካ። አብዛኛው የሚጠፋው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ሆኖ አገኘው። ከአረፍተ ነገር ተነጥሎ፣ ከሰውና ከቦታ ተነጥሎ ደብተር ላይ የተጻፈ ፍሬዛል ቨርብም ለአእምሮ ከዚያ ብዙ አይሻልም። ስለዚህ የረሳሽው ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም። አያያዙ ነው ያልተመቸው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር። የእንግሊዝኛዎቹን ቃላት እዚህ የምጽፈው በራሳችን ፊደል ነው። የላቲን አጻጻፋቸውን አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔ የምፈልገው ድምፃቸውን እንድትሰሚ ነው፤ ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቶ ይገባሻል።

አሁን ወደዚያ ክፍል እንመለስ። መምህሩ «ሃንድ ኢን» ሲሉ ጆሮሽ «ሃንድ»ን ያዘ። «ሃንድአውት» የሚለውን ደግሞ ከፎቶ ኮፒ ቤት ጀምሮ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ አእምሮሽ ቀሪውን በሚያውቀው ሞላው። ጆሮሽ ግሱን ይዞ ትንሿን ቃል ለቀቃት። የብዙ ተማሪ ችግር ይኸው ነው። በፍሬዛል ቨርብ ውስጥ ግን ብዙውን ሥራ የምትሠራው ያቺ ትንሽ ቃል ናት። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ድምፃቸውን ጫን የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ እሷ ላይ ነው። «ሃንድ» ሁለቱም ውስጥ አለ፤ ምንም አይለይልሽም። የሚለይልሽ «ኢን» ወይም «አውት» ነው።

ይሄ እንግዳ ነገር እንዳይመስልሽ። አማርኛ ሰሚ ለዚህ የተዘጋጀ ጆሮ አለው። «ዳኛው ፈረደለት» እና «ዳኛው ፈረደበት» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት። «መሰከረልኝ» እና «መሰከረብኝ»ም እንደዚያው። ለ እና በ ተቀያየሩ፣ ሰውየው ነጻ ወጣ ወይም ታሰረ። አንቺ እነዚህን በሕይወትሽ ሙሉ አምታተሽ አታውቂም። ማንም ዝርዝር አልሰጠሽም፤ ከነገሩ ጋር ስለሰማሻቸው ነው። «ልብ አለ» ስንልም ስለ ደረት አናወራም፤ «እጅ ሰጠ» ስንልም ስለ መዳፍ አናወራም። ሁለት ቃል ተጣምሮ ሦስተኛ ትርጉም ሲወልድ ማየት ለአማርኛ ተናጋሪ የቤቱ ነገር ነው።

እንግዲህ ትንንሾቹን ቃላት እንከተል።

«ኢን» እና «አውት»ን ከመምህሩ ጠረጴዛ አንጻር እያቸው። ወረቀቱ ከተማሪው ወደ መምህሩ እጅ ሲገባ ሃንድ ኢን ነው። ከመምህሩ እጅ ወጥቶ ለተማሪው ሲበተን ሃንድ አውት ነው። አሜሪካውያን ለመጀመሪያው «ተርን ኢን»ም ይላሉ። ፎርም ላይ ክፍት ቦታውን ስትሞዪ «ፊል ኢን» ነው፤ መረጃው ወደ ውስጥ ይገባል። ጎንደር ውስጥ ሬጅስትራር ቢሮ የተሰለፈ ተማሪ ይህን ሥራ ያውቀዋል።

«አውት» ሌላም መልክ አለው። የተደበቀ ነገር ወደ ብርሃን ሲወጣ። ውጤት ተለጥፎ ስትሄጂ ያየሽው፣ «ፋይንድ አውት» አደረግሽው፤ አወቅሽው፣ ደረስሽበት። ሒሳቡን ታግለሽ መልሱን ስታወጪ «ወርክ አውት»። ግራ የገባሽን ነገር አስበሽ ስትፈቺው «ፊገር አውት»። መምህሩ ስህተትሽን ሲያሳዩሽ «ፖይንት አውት»። አማርኛችንም «ምስጢሩ ወጣ» ይላል፤ መንገዱ ያው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከስብስብ መውጣት ነው፦ ጥያቄ ዘለሽ ካለፍሽ «ሊቭ አውት»፣ የጻፍሽውን ከሰረዝሽ «ክሮስ አውት»፣ ትምህርቱን ሳይጨርስ የተወ ሰው «ድሮፕ አውት»።

«ዳውን» ቀላል ነው፤ ከአየር ላይ ወደ ወረቀት ይወርዳል። ራይት ዳውን፣ ኖት ዳውን፣ በጥድፊያ ቸክ ቸክ ስታደርጊው ደግሞ ጆት ዳውን። «ኦቨር»ም አያስቸግርም። ጎው ኦቨር ማለት መከለስ ነው። ለፈተና ኖትሽን ስትከልሺ፣ መምህሩም የባለፈውን ትምህርት ሲከልሱ ያው ጎው ኦቨር ነው።

«አፕ» ላይ ግን እንቆይ። እዚህ ከተማ ካሉ ተማሪዎች ሕይወት ጋር በጣም የሚነካካው እሱ ነው።

«አፕ» ብዙ ትርጉም አለው። ለትምህርት የሚጠቅምሽ ግን በአብዛኛው መድረስ፣ እኩል መሆን የሚለው ሐሳብ ነው። የሱ ተቃራኒ «ቢሃይንድ» ነው። ክፍሉ ምዕራፍ አምስት ደርሶ አንቺ ምዕራፍ ሁለት ላይ ከሆንሽ «ፎል ቢሃይንድ» አድርገሻል፤ ወደ ኋላ ቀርተሻል። ያለሁት ልክ ከክፍሉ ጋር ነው፣ ፍጥነቱን እየተከተልኩ ነው ካልሽ «ኪፕ አፕ»። ቀርተሽ ነበር፣ አሁን ሮጠሽ ደረስሽባቸው ካልሽ «ካች አፕ»። እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ያዣቸው። አንድ ታሪክ ናቸው።

ከ«ካች አፕ» በኋላ የሚመጣው ቃል ደግሞ ይለያያል። የደረስሽባቸው ሰዎች ከሆኑ «ካች አፕ ዊዝ» ነው። ያካካስሽው ሥራ ወይም ትምህርት ከሆነ «ካች አፕ ኦን» ነው። ክፍል ጓደኞችሽን ለመድረስ ያመለጠሽን ባዮሎጂ አካካስሽ እንበል። ጓደኞቹ ዊዝ ይወስዳሉ፣ ባዮሎጂው ኦን ይወስዳል።

አሁን ከልቤ የምነግርሽ ነገር አለ። አንቺን ባይመለከትሽ እንኳ ዶርም ውስጥ ለምታውቂያቸው ንገሪያቸው። በክልላችን በነበረው ግጭት ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶባቸው ወራት፣ አንዳንዶቹም ዓመት ያለፋቸው ብዙ ልጆች አሉ። ከነሱ አንዳንዶቹ ለስኮላርሺፕ ወይም ለሥራ ማመልከቻ ሲጽፉ «አይ ድሮፕድ አውት» ብለው ሲጽፉ አያለሁ። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እውነቱን አይናገርም። ድሮፕ አውት የሚለው ቃል ተማሪው ራሱ ትምህርቱን ሳይጨርስ ትቶ መውጣቱን ነው የሚያሳየው። የሚያነበው ሰው «ለምን ተወችው?» ብሎ ይጠይቃል። ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ልጅ ግን ምንም አልተወም። ትክክለኛው አነጋገር «ማይ ስኩሊንግ ዋዝ ኢንተራፕትድ» ነው፤ ትምህርቴ ተቋረጠ። ቀጥሎ «አይ ፌል ቢሃይንድ»፣ ወደ ኋላ ቀረሁ። ከዚያ «አይ ዌንት ባክ»፣ ተመለስኩ፤ «አይ ኮት አፕ»፣ ደረስኩባቸው። በአራት አጭር አረፍተ ነገር አንድ ጠንካራ ልጅ ትታያለች። በአንድ የተሳሳተ ፍሬዛል ቨርብ ደግሞ ያቺው ልጅ ተስፋ የቆረጠች ትመስላለች።

ካቋረጡበት ቦታ ለመቀጠልም ጥሩ ፍሬዛል ቨርብ አለ፦ «ፒክ አፕ»። ካቆምኩበት አነሳሁት እንደምንለው ነው። ለረጅም ጊዜ ያልነካሽውን ነገር፣ ለምሳሌ የ9ኛ ክፍል ሒሳብን፣ ማደስ ስትፈልጊ ደግሞ «ብራሽ አፕ ኦን» ነው። አዲስ ነገር ከዜሮ ለመማር አይሆንም፤ የምታውቂውን ማንቃት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

አሁን ድምፁን በተመለከተ ቃሌን ልጠብቅ። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ «ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ሲናገሩት ግን አልሰማሁትም» ይሉኛል። ምክንያቱ ይሄ ነው። ተናጋሪው ሁለቱን ቃላት ለይቶ አይጠራም። የመጀመሪያው ቃል መጨረሻ ላይ ያለው ተነባቢ፣ ቀጥሎ ካለው አናባቢ ጋር ይያያዛል። «ሃንድ ኢን» ሲነገር «ሃንዲን» ነው። «ድሮፕ አውት» «ድሮፓውት»፣ «ኪፕ አፕ» «ኪፓፕ»፣ «ካች አፕ» «ካቻፕ» ይሆናል። መሐል ላይ «ኢት» ስትገባ ደግሞ ይባስ ይጨፈለቃል። «ሉክ ኢት አፕ»፣ ማለትም መዝገበ ቃላት ላይ ፈልጊው፣ «ሉኪታፕ» ነው የሚሆነው። «ፑት ኢት ኦፍ»፣ ለሌላ ጊዜ አስተላልፊው፣ «ፑቲቶፍ» ነው። አሜሪካዊ ከሆነ ያቺን «ት» ወደ «ር» ያስጠጋትና «ሉኪራፕ» ትሰሚያለሽ።

ፊደላችን እዚህ ትልቅ ጥቅም አለው። የኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ይይዛል። ስለዚህ እንግሊዝኛው ሲያያዝ በጆሮሽ የገባውን ልክ እንደሰማሽው መጻፍ ትችያለሽ። ደብተርሽ ላይ ከእንግሊዝኛው ጎን «ሃንዲቲን» ብለሽ ጻፊ። አንብቢው። ሦስት አራት ጊዜ ጮክ ብለሽ በይው። በሚቀጥለው ቀን ክፍል ውስጥ ስትሰሚው ታውቂዋለሽ። በላቲን ፊደል አጻጻፉ ብቻ ያጠናች ተማሪ ይሄ ይቸግራታል።

«ሃንዲቲን» ያልኩት በምክንያት ነው። እዚህ ላይ ሰዋስው አለ፤ ዘልለሽ እንዳታልፊው። ወረቀቱን አስረክቢው ለማለት «ሃንድ ኢት ኢን» እንጂ «ሃንድ ኢን ኢት» አይባልም። ስሙን ሙሉውን ከጠራሽ ሁለቱም ይሆናል፦ «ሃንድ ኢን ዘ አሳይመንት» ወይም «ሃንድ ዘ አሳይመንት ኢን»። ተውላጠ ስም ሲሆን ግን የግድ መሐል ይገባል። ሃንድ አውት፣ ሉክ አፕ፣ ራይት ዳውን፣ ፑት ኦፍ፣ ፊገር አውት ሁሉም እንደዚህ ናቸው። ጎው ኦቨር ግን አይከፈልም፤ «ጎው ኦቨር ኢት» ነው። ካች አፕ ዊዝ፣ ኪፕ አፕ ዊዝ፣ ብራሽ አፕ ኦን የመሳሰሉት ባለ ሦስት ቃሎችም አይከፈሉም። ድሮፕ አውት እና ፎል ቢሃይንድ ደግሞ እዚህ በያዝነው ትርጉም ተሳቢ ስለማይወስዱ ጥያቄው አይነሳም።

ይህን በቃል መያዝ የለብሽም። ጥሩ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ራሱ ይነግርሻል። የኦክስፎርዱን የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ክፈቺና «ሃንድ» ሥር ፈልጊ። «ሃንድ ሰምሲንግ ኢን» ብሎ ተጽፎ ታገኛለሽ። «ሰምሲንግ» መሐል ከገባች ይከፈላል ማለት ነው። «ጎው ኦቨር ሰምሲንግ» ብሎ መጨረሻ ላይ ካስቀመጣት አይከፈልም። አብዛኛው ተማሪ ትርጉሙን ብቻ አይቶ ይዘጋዋል፤ የ«ሰምሲንግ»ን ቦታ ማንም አያይም። አንቺ እይው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር። እኛ በየቀኑ አማርኛችን ውስጥ የምንጠቀምባቸው ብዙ ቃላት ከፍሬዛል ቨርብ የተወለዱ ስሞች ናቸው። ሃንድአውት አንዱ ነው። መምህር ቀርተው ሌላ ቀን የሚያካክሱት ሜካፕ ክላስ ሌላው ነው። ሆስፒታል የሚመላለስ ሰው «ፎሎ አፕ አለኝ» ይላል። ቼክ አፕ እንላለን። ከአዘዞ ወደ ከተማ የምትወጣዋን መኪና ፒክ አፕ እንላታለን። እነዚህ ሁሉ ስም ሲሆኑ የድምፁ ጭነት መጀመሪያው ላይ ነው፤ ግስ ሲሆኑ ጭነቱ ወደ ትንሿ ቃል ይሄዳል። ሲጻፉም ግሱ ሁለት ቃል ነው፤ ስሙ ግን አንድ ላይ ይጻፋል ወይም በሰረዝ ይያያዛል። በአንቺ ጉዳይ ይህን ብታውቂ ኖሮ ጭነቱ ራሱ ፍንጭ ይሰጥሽ ነበር። ሃንድአውት የሚለው ስም «ሃ» ላይ ይጫናል። የመምህሩ ድምፅ ግን ጫን ያለው መጨረሻው ላይ ነበር።

ሌላም ጥያቄ ይነሳል፤ አልጠየቅሽኝም፣ ግን ይመጣል። ፍሬዛል ቨርብን በመደበኛ ጽሑፍ ላይ መጠቀም ይቻላል?

የኛ ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ የሚያስተምሩን ከላቲንና ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የገቡትን ባለ አንድ ቃል ግሶች ነው። ሰብሚትን ከሃንድ ኢን በፊት እናውቃለን። ዲስትሪቢዩትን ከሃንድ አውት በፊት፣ ፖስትፖንን ከፑት ኦፍ በፊት፣ ካንስልን ከኮል ኦፍ በፊት። ለዚህ ነው ማንበብ ያልከበደሽ፣ ማዳመጥ ግን የከበደሽ። መጽሐፍ በመጀመሪያዎቹ ይጽፋል፤ ሰው በሁለተኛዎቹ ያወራል። ይህ ለጥናት ይጠቅምሻል። የማታውቂውን ፍሬዛል ቨርብ ከምታውቂው ባለ አንድ ቃል ግስ ጋር አጣምሪው። ሃንድ ኢን ያው ሰብሚት ነው። አለቀ።

በተረፈ መደበኛ ጽሑፍ ላይ ባለ አንድ ቃሉን ምረጪ፣ ንግግርና ለጓደኛ መልእክት ላይ ፍሬዛሉን። ግን «ፍሬዛል ቨርብ በሙሉ የመንደር ወሬ ነው» የሚለውን አትቀበዪ፤ እሱ ውሸት ነው። «ኬሪ አውት» የሚለውን ብዙ የምርምር ጽሑፍ ላይ ታገኚዋለሽ፤ ጥናት ተካሄደ ለማለት የተለመደ አነጋገር ነው። ፖይንት አውትም እንደዚያው። ይህች ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ከተከፈተባት ጊዜ ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ናት። ሆስፒታል ገብተሽ ሐኪሞች ሲነጋገሩ ብታዳምጪ «ሩል አውት» የሚለውን ደጋግመሽ ትሰሚያለሽ። በሽታው እሱ አለመሆኑን ማረጋገጥ፣ ከጥርጣሬ ማውጣት ማለት ነው። ጤና ልትገቢ ከሆነ ይህን ዛሬውኑ ያዥው።

ጥቂት ወጥመዶችንም ላሳይሽ። «ፓስ አውት» ማለት ፈተና ማለፍ አይደለም። በእንግሊዝም በአሜሪካም ራስን ስቶ መውደቅ ነው። ሕንዶች «ተመረቀ» ለማለት ይጠቀሙበታል፤ በአገራችንም ለብዙ ዘመን ሕንዳውያን መምህራን ስላስተማሩ አንዳንድ ቦታ ይሰማል። ለውጭ አገር ሰው «ፈተናውን ፓስ አውት አደረግኩ» ብትዪው ግን ይደነግጣል። ፈተና አለፍኩ ለማለት ፓስ ብቻ በቂ ነው፤ በትግል ነው ያለፍኩት ለማለት «ጌት ስሩ»፣ ለጥቂት ነው ያለፍኩት ለማለት ደግሞ «ስክሬፕ ስሩ»።

«ድሮፕ ኦፍ» እና «ድሮፕ አውት»ም ይምታታሉ። ባጃጁ ልጆቹን ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ ሲያወርዳቸው ድሮፕ ኦፍ ነው፤ ከሰዓት ሲወስዳቸው ፒክ አፕ። ሦስት ልጅ በባጃጅ የምትልክ እናት «ልጆቼን ድሮፕ አውት አደረግኳቸው» ካለች ነገሩ ሌላ ሆነ።

«ኮል ኦን» እና «ኮል ኦፍ»ንም ለያቸው። መምህሩ እጅ ላላወጣሽው ለአንቺ ድንገት ጥያቄ ሲሰጡሽ ኮል ኦን አደረጉሽ። ክፍለ ጊዜው ጭራሽ ሲቀር ኮል ኦፍ ነው። ኩዊዙ ከጥምቀት በኋላ ይሁን ከተባለ ግን ኮል ኦፍ አይደለም፤ ፑት ኦፍ ነው። አልቀረማ፣ ተላለፈ እንጂ። ይህን ለይቶ ያልሰማ ተማሪ ሳያጠና ይመጣል።

«ሉክ አፕ» ላይ «ቱ» ስትጨመር ደግሞ ነገሩ ከመዝገበ ቃላት ይወጣል። «ሉክ አፕ ቱ» ማለት አንድን ሰው በአክብሮት፣ በአርአያነት ማየት ነው። ያስተማረችሽን መምህር ሉክ አፕ ቱ ታደርጊያታለሽ፤ ሉክ አፕ የምታደርጊው ቃሉን ነው።

እንግዲህ አጠናኑ። 200ውን ደብተር ለጊዜው አስቀምጪው። አዲስ ደብተር ያዢና በግስ ሳይሆን በራስሽ ቀን ክፈዪው። ጠዋት ከዶርም እስከ ክፍል። ክፍል ውስጥ። ከክፍል በኋላ። የፈተና ሰሞን። ከዚያ የሕይወት ትልልቅ ነገሮች፣ ለምሳሌ ዩኒቨርሲቲ መግባት፣ እሱ «ጌት ኢንቱ» ነው። በሳምንት ሰባት ስምንት በቂ ነው። ከዚያ በላይ አትሂጂ፣ ጎበዝ ብትሆኚም።

ለእያንዳንዱ የራስሽን እውነተኛ አረፍተ ነገር ጻፊ። ከኢንተርኔት የተገለበጠ ምሳሌ አይደለም። ጆን እና ሜሪ አይጠቅሙሽም። ያን ቀን ያደረግሽውን ጻፊ፦ ፒያሳ ሄጄ ሃንድአውቱን ኮፒ አስደረግኩ፤ ኬሚስትሪውን ለነገ ፑት ኦፍ አደረግኩ፤ ሁለት ቃል አልገባኝ ብሎ ሉክ አፕ አደረግኳቸው። በሙሉ እንግሊዝኛ ጻፊው፣ ሰዋስውሽ ቢንጋደድም ግድ የለም። ነገሩ በአንቺ ላይ ስለደረሰ አይጠፋሽም።

ማታ ማታ ስትከልሺ አታንብቢው። ትንሿን ቃል በጣትሽ ሸፍኚና ራስሽን ጠይቂ። «ሃንድ... ምን?» ለማስታወስ የምታደርጊው ያ መታገል ነው የሚያጸናው። ዝም ብሎ ማንበብ አውቀዋለሁ የሚል ስሜት ብቻ ይሰጣል። በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ በሳምንቱ ተመለሺበት።

በድምፅ እና በእጅ ጭምር አጥኚው። በዓታ ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ አቋቋም የሚማሩትን ደቀ መዛሙርት ብታዪ ዜማውን ከጽናጽሉና ከመቋሚያው እንቅስቃሴ ጋር ነው የሚይዙት። ጉሮሮና አካል አብረው ሲማሩ ይጸናል። አንቺም ዶርም ውስጥ ወረቀት ለጓደኛሽ እየዘረጋሽ «ሃንዲቲን» በዪ። ወረቀቶቹን እየበተንሽ «ሃንዳውት» በዪ። የልጅ ጨዋታ ሊመስልሽ ይችላል፤ ለክፍሌ ተማሪዎች ሁልጊዜ የማሠራው ግን ይህንኑ ነው፣ ይሠራልም።

ክፍል ውስጥ ሳይገባሽ ከቀረ ጠይቂ። «መምህር፣ ምን እናድርግ ነው ያሉት?» ማለት ነውር የለበትም። አንቺ ያፈርሽበትን ነገር ከኋላሽ የተቀመጡት ስንቶቹ ጎረቤታቸውን አይተው ብቻ እንዳለፉት አታውቂም።

ለማዳመጥ ቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ በነጻ የሚያቀርባቸው አጫጭር ዝግጅቶች ጥሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከነጽሑፋቸው ስለሚመጡ የሰማሽውን ማመሳከር ትችያለሽ። ዋይፋይ ስታገኚ አውርጂያቸው፤ ዳታ በጠፋ ቀን ስልክሽ ላይ ይኖራሉ። መጀመሪያ ጽሑፉን ሳታዪ አዳምጪ፣ የሰማሻቸውን ፍሬዛል ቨርቦች በፊደላችን እንደሰማሽው ጻፊ፣ ከዚያ ጽሑፉን ከፍተሽ አስተያዪ። ያመለጡሽን ትንንሽ ቃላት በቀይ አስምሪባቸው።

የመጀመሪያ ሳምንትሽን አረፍተ ነገሮች ከጻፍሽ በኋላ ብትልኪልኝ አያቸዋለሁ። በተለይ «ካች አፕ ኦን» እና «ካች አፕ ዊዝ»ን በየራሳቸው አረፍተ ነገር ሠርተሽ ላኪልኝ፤ እነሱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው።